«ረሳሁሽ» የሚለውን የፍቅር ግጥም ተማሪ እንዴት ይተንትን? ምፀቱና ተለዋጭ ዘይቤው ላይ እርዱኝ

የ11ኛ ክፍል መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለዘይቤ ትምህርት መለማመጃ የሚሆን አጭር የፍቅር ግጥም አዘጋጅቻለሁ። ተማሪዎቼ የታወቀ ገጣሚ ሥራ ሲሰጣቸው ማብራሪያውን ከአጋዥ መጽሐፍ ይገለብጣሉ፤ ስለዚህ ማንም ያልተነተነውን እንዲያነቡ ብዬ ነው። ግጥሙ ይኸው፦

ረሳሁሽ ይኸው ነው፣ ቀላል ነው ነገሩ፤
ከስልኬ ተፋቀ ስምሽ ከነቁጥሩ፤
ጣቴ ብቻ ቀርቷል አስሩን የማይረሳ፣
እሱም ልክ ይገባል በሌሊት ባይነሳ፤
በደጅሽ አላልፍም፣ ዞሬ ነው የማልፈው፣
ሁለት ታክሲ ይዤ ጊዜ የማተርፈው፤
ቡናዬን ጠጣሁት ሲኒው ሁለት ሆኖ፣
አንዱን ጨለጥኩና ሌላኛው ተከድኖ፤
ሰላም ነው ሌሊቱ፣ ሰላም ነው መንገዴ፤
ረሳሁሽ አለሽ ሆዴ

ተማሪዎቹ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ጥቂቶቹ «እውነትም ረስቷታል፣ የመለያየት ግጥም ነው» አሉ። ብዙዎቹ «ሽሙጥ ነው፣ ጥላው የሄደችውን ሴት እየወጋት ነው» ብለው ጻፉ። የቀሩት ምፀት መኖሩን አይተዋል፤ ማስረጃ ሲጠየቁ ግን «ስሜቱ እንደዚያ ይላል» ከማለት አላለፉም። «ተለዋጭ ዘይቤ (አንዱ ነገር ያለ «እንደ» በሌላ የተመሰለበትን) አውጡ» የሚለው ጥያቄ ላይ ደግሞ ባሰ፤ ጣቱም፣ ታክሲውም፣ ሲኒውም ተለዋጭ ሆነ።

ጥያቄዬ፦ ከተለዋጩ ነው ወይስ ከምፀቱ መጀመር ያለባቸው? ምፀትን ከሽሙጥና ከሰምና ወርቅ በምን ይለዩት? ነጥብስ እንዴት ይሰጥ? ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ብሆንም «ያሰብኩት ይሄን ነው» ብዬ መዝጋት አልፈልግም። መልሱ ከስንኞቹ ይውጣ።


ሁለት ዓምድ፦

መምህርት፣ ከቅደም ተከተሉ ልነሳ፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነውና። ተማሪዎቻችን ግጥም ሲሰጣቸው የለመዱት ዘይቤ መልቀም ነው። «እንደ» የሚል ካዩ ተነጻጻሪ፣ ግዑዝ ነገር ሲያስብ ካዩ ሰውኛ፣ ነገር ከበዛ ግነት እያሉ ስም ይለጥፋሉ። ለተነጻጻሪና ለሰውኛ ይሄ መንገድ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስንኝ ውስጥ ተጀምረው ያልቃሉ። ምፀት ግን አንድ ስንኝ ላይ ተቀምጦ አይገኝም። ያለው ተናጋሪው ባለውና ሲያደርግ ባየነው መካከል ነው። «ምፀት ያለበትን ስንኝ ጥቀስ» የሚል ጥያቄ ተማሪውን «ስሜቱ እንደዚያ ይላል» ወደሚል መልስ የሚገፋውም ለዚህ ነው። ማስረጃው ምንጊዜም ጥንድ ነው፤ ጥያቄውም ጥንድ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ከምፀቱ ይጀምሩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የማይዘለል ሥራ አለ፦ ግጥሙን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቦ በአራት በአምስት ዓረፍተ ነገር በስድ ንባብ መጻፍ። ማን ይናገራል? ለማን? ምን ምን አደረገ? ዘይቤ የሚባል ቃል ገና አይነሳም። «አንድ ሰው የሚያፈቅራትን ሴት ቁጥር ከስልኩ አጠፋ፤ ቁጥሩን ግን በቃሉ ይዞታል፤ በደጇ ላለማለፍ ሁለት ታክሲ እየያዘ ይዞራል፤ ቡና ሲጠጣ ሁለት ሲኒ ቀርቦ አንዱ ሳይጠጣ ተከድኗል።» ይህንን የጻፈ ተማሪ ታክሲውን ተለዋጭ ለማድረግ ይቸገራል፤ ታክሲው ተሳፍረውበት የሚሄዱበት ታክሲ መሆኑን ገና አሁን በእጁ ጽፏልና።

ከዚያ ወረቀቱን መሃል ለመሃል ይክፈሉት። በግራ ተናጋሪው ስለራሱ የሚለው ይገባል፦ ረሳሁሽ፣ ቀላል ነው፣ ጊዜ አተርፋለሁ፣ ሌሊቱ ሰላም ነው፣ መንገዴ ሰላም ነው። በቀኝ የሚያደርገው ይገባል፦ ጣቱ በሌሊት ይነሳል፣ በዙሪያ ይሄዳል፣ የሁለት ታክሲ ይከፍላል፣ ሁለተኛ ሲኒ ይከድናል። አሁን መስመር ያገናኙ። «ሰላም ነው ሌሊቱ» የሚለው በ4ኛው ስንኝ ይወድቃል፤ «ሰላም ነው መንገዴ» የሚለው በ5ኛውና በ6ኛው። «ቀላል ነው ነገሩ» የሚለውን ደግሞ የቀኙ ዓምድ በሙሉ ያፈርሰዋል። 9ኛው ስንኝ እንዴት እንደተሠራ ልብ በሉልኝ፤ ከፊቱ ሁለት ስፍራ ላይ ማስተባበያው ቀድሞ ተቀምጦለት ነው የመጣው። እያንዳንዱ ግማሽ ስንኝ የራሱ ምስክር አለው።

መስመር ያልደረሰው ነገር ደግሞ እንዳለ ይታመናል። «ከስልኬ ተፋቀ» የሚለውን የሚቃወም ስንኝ የለም፤ እውነትም ፍቆታል። ምፀት አለበት ሲባል ሁሉን ነገር ገልብጦ የሚያነብ ተማሪ አለ፤ «ቁጥሩን አላጠፋም ማለት ነው» ብሎ ይጽፋል። ያ ስህተት ነው። መገልበጥ ያለበት ማስረጃ የተነሳበት ብቻ ነው።

ሽሙጡን በተመለከተ፦ ሽሙጥ የሚወጋው ሰው ይፈልጋል። የሚወጋውም ሰው የሚወጋበት ነገር፣ ማለትም ጠባዩ፣ ሥራው ወይም ክህደቱ፣ በቃል መነሳት አለበት፤ በቀጥታም ይሁን በማር ተለውሶ። ተማሪዎቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፦ በዚህ ግጥም ውስጥ ስለ ሴትየዋ ምን እናውቃለን? ስም አላት፣ ስልክ አላት፣ ደጅ አላት። ሌላ የለም። «ጥላው የሄደች» የሚለው በአሥሩም ስንኝ ውስጥ አይገኝም፤ ተማሪዎቹ ከሰሟቸው ዘፈኖች ይዘውት የመጡት ነው። ማን እንደተለየ እንኳን አልተነገረንም። ስለ እርሷ ያልተነገረ ግጥም እርሷን ሊሸሙጥ አይችልም። የምፀቱ ዒላማ ተናጋሪው ራሱ ነው፤ ይበልጥ በትክክል፣ ተናጋሪው ያወጀው «ረሳሁሽ» የሚለው ቃል ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውና ጥሩውን ተማሪ ከመካከለኛው የሚለየው ጥያቄ፦ ተናጋሪው ያውቃል ወይስ አያውቅም? እያወቀ ተቃራኒውን ካለ የቃል ምፀት ነው፤ ስሜቱን ለመሸፈን ያደረገው ነው። ሳያውቅ ከተናገረና እኛ አንባቢዎች ብቻ ካወቅን ድራማዊ ምፀት ነው። የታክሲው ጉዳይ ደግሞ የሁኔታ ምፀት ነው፤ ጊዜ ለማትረፍ የተደረገው ነገር ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ሦስቱን ተማሪ ካምታታ ችግር የለውም፤ ግን «ያውቃል» ወይም «አያውቅም» ካለ ከየት እንዳገኘው ማሳየት አለበት።

እኔ ያውቃል ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «ጣቴ ብቻ ቀርቷል» ውስጥ ያለው «ብቻ»፣ «እሱም» ላይ ያለችው «-ም»፣ «ባይነሳ» ውስጥ ያለው «ባይ»። ሦስቱም የሚያምን ሰው ቃላት ናቸው፤ አንድ ያልተፈጸመ ነገር እንዳለ ያውቃል፣ ሊያሳንሰውም ይሞክራል። «ይኸው ነው» የሚለውም ወሬ እንዲዘጋ ስንፈልግ የምንለው ነው። በአማርኛ ግጥም ውስጥ ምፀት የሚያፈስሰው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በኩል ነው፦ ብቻ፣ እንጂ፣ ደግሞ፣ -ማ፣ -ስ፣ -ም። ተማሪዎቹ በስምና በቅጽል ላይ ከማስመር ይልቅ እነዚህን ያክብቡ።


ቅኔ ቤት፦

ከላይ ያለው ጥሩ ነው፤ እኔ በተለዋጩና በሰምና ወርቁ ልቀጥል።

መጀመሪያ ሰምና ወርቅንና ምፀትን እንለይ፤ ብዙ መምህራንም ሁለቱን አንድ ያደርጋሉ፤ ምክንያታቸውም «ሁለቱም ስውር ትርጉም አላቸው» የሚል ነው። ሁላችንም የምናውቀውን የቃል ግጥም እንውሰድ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

አዳም ሰም፣ ከንፈርሽ ወርቅ። መድኃኔዓለም ሰም፣ ልቤ ወርቅ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «እንደ» የለም፣ «ነው»ም የለም። «ተሰቀለልሽ» የሚለው ደግሞ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ጌታ በመስቀል ላይ መሰቀሉን፣ የአፍቃሪው ልብ ተንጠልጥሎ መቅረቱን። እዚህ ላይ አንድም ነገር አልተካደም። ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ሐሰት አይሆንም፤ የአዳምና የመድኃኔዓለም ታሪክ እንደቆመ ነው፣ የፍቅሩም ነገር እንደቆመ ነው፣ አንዱ ሌላውን ያከብደዋል። ምፀት ግን የተባለውን ይጥለዋል። «ቀላል ነው ነገሩ» የሚለው ከተገለጠ በኋላ ቀላልነቱ አይተርፍም። ለተማሪ የሚሰጥ አጭር መፈተኛ ይኸው ነው፦ ሁለተኛውን ትርጉም ካገኘህ በኋላ የመጀመሪያው ቆሞ ይቀራል ወይስ ይወድቃል? ከቆመ ሰምና ወርቅ ወይም ተለዋጭ፣ ከወደቀ ምፀት።

ተለዋጩን ለማውጣት ደግሞ ሦስት ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፦ ምን ተመሰለ፣ በምን ተመሰለ፣ የሚያገናኛቸው ምንድን ነው። ተማሪዎች ሁለቱን ሞልተው ሦስተኛውን ባዶ ይተዉታል፤ ስህተቱ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው ከግጥሙ ቃላት ካልተሞላ ተለዋጭ የለም። ታክሲው በምን ተመሰለ? መልስ የለም። ታክሲ ነው።

ጣቱ ላይ ግን እውነተኛ ሀብት አለ፤ ተማሪዎቹ ቦታውን አግኝተውት ስሙን ነው የሳቱት። «የማይረሳ» ጣት በመጀመሪያ ሰውኛ ነው፤ የማስታወስ ችሎታ ለአካል ክፍል ተሰጥቷል። «አስሩን» የሚለው የስልኩን አሥር አኃዝ ነው፤ ጣቱ አሥሩንም በልምድ ይደውላል። ቀጥሎ ግን «እሱም ልክ ይገባል በሌሊት ባይነሳ» ይላል። ልክ መግባት የሚባለው ለማነው? ላልታዘዘ፣ ላመፀ፣ አሻፈረኝ ላለ። መነሳትስ? ከእንቅልፍ መነሳት አለ፣ በገዢ ላይ መነሳትም አለ። ስለዚህ ጣቱ ገና ያልገባ ሽፍታ ሆኖ ተሥሏል። «ሽፍታ» የሚለው ቃል የትም አልተጻፈም፤ ስውር ተለዋጭ የምንለው ይሄን ነው፤ የተመሰለበት ነገር በስሙ ሳይጠራ በግሦቹ ብቻ ይታወቃል። ሦስቱ ሰንጠረዥ ሲሞላ፦ ጣት፤ ሽፍታ፤ ትእዛዝ ወጥቶ አለመታዘዝና በሌሊት መንቀሳቀስ።

ይህን ካገኙ በኋላ ወደ መጀመሪያው ስንኝ ይመለሱ። ሽፍታ ካለ ትእዛዝ ያወጣ አለ ማለት ነው። «ረሳሁሽ ይኸው ነው» አዋጅ ይሆናል። ወደ 9ኛው ስንኝም ይሂዱ፤ «ሰላም ነው ሌሊቱ፣ ሰላም ነው መንገዴ» ሽፍታው ሳይገባ፣ መንገዱም ሳይከፈት አገር ሰላም ነው ብሎ የሚያስነግር ገዢ ቃል ነው። እዚህ ላይ ነው ተለዋጩና ምፀቱ የሚገናኙት፤ ተለዋጩ ምስሉን ሰጠ፣ ምፀቱ በዚያ ምስል ውስጥ አዋጁን ባዶ አደረገው። ተማሪ ሁለቱን በየራሳቸው ጥያቄ ለያይቶ ከመለሰ ይህን ግንኙነት አያየውም። ለዚህ ነው «ተለዋጩ ለምፀቱ ምን ሠራለት?» የሚል ጥያቄ መጨመር ያለበት።

ሁለተኛው «ጊዜ የማተርፈው» ነው። ማትረፍ የንግድ ቃል ነው፤ ነገር ግን «ጊዜ ማትረፍ» በቀን አሥር ጊዜ ስለምንለው ንግዱ ከጆሯችን ጠፍቷል። ግጥሙ «ሁለት ታክሲ» የሚል ወጪ ጎኑ ሲያስቀምጥለት የደረቀው ተለዋጭ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ትርፍ ተብሎ ኪሳራ ተቆጥሯል። ዘመናዊ የአማርኛ ግጥም ከዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ይጠቀማል፦ አዲስ ምስል ከመፍጠር ይልቅ በየቀኑ የምንለውን ቃል ከጎኑ ተቃራኒ አስቀምጦ ማንቃት። ተማሪ ይህንን ካየ ከየትኛውም ግጥም ላይ ማየት ይጀምራል።

ሲኒው ተለዋጭ አይደለም። ትእምርት ነው። ልዩነቱ፦ ተለዋጭ ውስጥ ጣቱ እውነተኛ ሽፍታ አይደለም፤ ትእምርት ውስጥ ግን ሲኒው በእውነት ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ቡና አለበት፣ ተከድኗል። ከመኖሩ ባሻገር የሌለችውን ሴት ቦታ ይይዛል። የተከደነ ነገር እንዳይቀዘቅዝ የተጠበቀ ነው፤ የሚጠበቅ ደግሞ ለሚመጣ ሰው ነው። «ጠጣሁት» ብሎ ያለቀ ነገር አስመስሎ፣ ከሥሩ ያላለቀውን አሳየን።


ላልቶ ጠብቆ፦

ሁለታችሁም የመጨረሻውን ስንኝ አልነካችሁትም፤ ግጥሙ የሚፈታው ግን እዚያ ነው። በዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው አያገኘውም፤ ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም።

«ረሳሁሽ አለሽ ሆዴ»። «አለሽ» የሚለው «ለ» ሲላላ፦ ሆዴ «ረሳሁሽ» ብሎ ነገረሽ። ሆድ ተናጋሪ ሆነ፤ በአማርኛ ስሜት የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ስለሆነ («ሆዴ ባባ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለው») ሆድ መናገሩ አያስገርምም። በዚህ ንባብ አዋጁ እንደገና ታወጀ ማለት ነው። «ለ» ሲጠብቅ ግን፦ አለሽ፣ ሆዴ። አንቺ ነሽ ያለሽው። «ሆዴ» ተናጋሪ መሆኑን ትቶ የቁልምጫ ጥሪ ይሆናል፤ የሚወዱትን «ሆዴ» ማለት የቆየ አማርኛ ነው። ከፍ አድርገው ቢያነቡት ደግሞ ጥያቄ ይሆናል፤ ስልክ ሲደወል ወይም ደጅ ሲቆም የሚባለው «አለሽ?»። ያ ጥያቄ 3ኛው ስንኝ ላይ ያለውን ጣት እና 5ኛው ላይ ያለውን ደጅ አንድ ላይ ይመልሳቸዋል።

ቅኔ ቤት የሰጡትን መፈተኛ እዚህ ላይ ይሞክሩት። የላላውና የጠበቀው ንባብ በአንድ ቃል ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህ ኅብር (ባለ ሁለት ትርጉም ቃል) ነው። ግን የጠበቀው ሲሰማ የላላው ይወድቃል፤ ይህ ምፀት ነው። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱ ተጋብተዋል፤ የቅኔውን መሣሪያ ለምፀት ሥራ አውሎታል። መፈተኛው በአብዛኛው ግጥም ላይ ይለያል፤ እዚህ ስንኝ ላይ ግን «ወይ ይሄ ወይ ያ» ብሎ ማስገደድ ተማሪውን ያጎድለዋል።

የግሦቹን ባለቤት ይቁጠሩ ደግሞ። በዘጠኙ ስንኞች ውስጥ ሴትየዋ የአንድም ግሥ ባለቤት አይደለችም። «ረሳሁሽ» ላይ ተሳቢ ናት፤ «ስምሽ»፣ «በደጅሽ» ላይ ባለንብረት ናት። የመጨረሻው «አለሽ» ሲጠብቅ ብቻ ባለቤት ትሆናለች፤ የምታደርገውም መኖር ብቻ ነው። ተረሳች የተባለችው ሴት በግጥሙ ውስጥ የሠራችው ብቸኛ ሥራ መኖር ነው።

ምጣኔውም ይህንኑ ይደግፋል። ግጥሙ በወል ቤት ነው የተጻፈው፤ በስንኝ 12 ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል)፣ 6 እና 6 ሆኖ መሃሉ ላይ ያርፋል። ስትቆጥሩ ፊደል ሳይሆን ድምፅ ይቆጠራል፤ አናባቢ ያልያዘ ሳድስ ከፊቱ ካለው ጋር ይጠቃለላል። «ስምሽ ከነቁጥሩ» በፊደል 8 ነው፣ በቀለም 6፤ «ሽ» እና «ጥ» ብቻቸውን አይቆጠሩም። ተማሪ ምጣኔ የሚያበላሽበት ዋናው ምክንያት ፊደል መቁጠሩ ነው። እስከ 9ኛው ስንኝ ድረስ 6-6 ሳይናወጥ ይሄዳል። 10ኛው 7 ቀለም ነው። ቤቱን መትቷል (መንገዴ፣ ሆዴ)፣ ልኩን ግን አልሞላም። ጆሮ ተጨማሪ 5 ቀለም እየጠበቀ ስንኙ ያልቃል። ዘጠኝ ስንኝ ሙሉ ተረጋግቶ ያወራ ሰው ድምፁ የተቆረጠው እዚህ ነው፤ ምጣኔው ራሱ የምፀቱ ማስረጃ ሆነ።

በዚህ የተነሳ ከሁለት ዓምድ ጋር አልስማማም። ተናጋሪው ከመጀመሪያው ያውቃል ካልን ስንኙ የሚቆረጥበት ምክንያት አይኖረውም፤ የሚያውቅ ሰው እስከ መጨረሻው ልኩን ጠብቆ ይዘልቃል። እኔ እንደሚመስለኝ እስከ 9ኛው ድረስ ራሱን እያሳመነ ነው፤ 10ኛው ላይ አፉ አዳለጠው። የታክሲውንም ነገር እዩት፤ «ጊዜ የማተርፈው» ሲል እንደ ምክንያት ነው የሚያቀርበው፣ «ብቻ» ወይም «ባይ» የሚል ማለስለሻ የለበትም። ያንን እውነት ብሎ ያመነ ሰው ነው የሚናገረው።

ክፍል ውስጥ እንዲህ ይሞክሩት፦ ሦስት ተማሪ አስነስተው አንዱ አላልቶ፣ ሁለተኛው አጥብቆ፣ ሦስተኛው አጥብቆ በጥያቄ ድምፅ የመጨረሻውን ስንኝ ብቻ ሳይሆን 9ኛውንም አብረው እንዲያነቡ ያድርጉ። 10ኛው ለብቻው ከተነበበ መቆረጡ አይሰማም፤ ከፊቱ አንድ ሙሉ 12 ያስፈልገዋል።


የ11ኛ ክፍል መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሁለት የተማሪ መልሶች አሉኝ፣ ልቀበል ወይስ አልቀበል? አንዱ «ባይነሳ» የሚለውን «እንቅልፍ ባይነሳኝ» ብሎ ተርጉሞታል። ሌላዋ «ተከድኖ» የሚለውን ከሬሳ ሳጥን ጋር አያይዛ ሴትየዋ ሞታለች ብላለች። ነጥብ አሰጣጡም አሁንም ግልጽ አልሆነልኝም።


ሁለት ዓምድ፦

ላልቶ ጠብቆ፣ የ7ቱ ቀለም ነገር ከባድ ማስረጃ ነው፤ እኔ «ብቻ» እና «ባይ» ላይ አተኩሬ ምጣኔውን አልመዘንኩትም። ያም ሆኖ የ3ኛውና የ4ኛው ስንኝ ማለስለሻዎች አልጠፉም። ምናልባት ትክክለኛው ንባብ በሁለታችን መካከል ነው፤ ጣቱን ያውቃል፣ ታክሲውን አያውቅም። ሰው ስለራሱ እንዲህ ነው የሚያውቀው፤ አንዱን አምኖ ሌላውን ይሸፍናል። መምህርት፣ ተማሪ በየትኛውም ወገን ቢቆም ሙሉ ነጥብ ይገባዋል፤ ስንኝ እስከጠቀሰ ድረስ።

«እንቅልፍ ባይነሳኝ» የሚለውን በግማሽ ይቀበሉት። መንሳት ምንና ማንን ይፈልጋል፤ «እንቅልፍ» የለም፣ «-ኝ»ም የለም። ንባቡም ይለያያል፤ ከመነሳት የመጣው «ነ»ን ያጠብቃል፣ ከመንሳት የመጣው ያላላል። ልጁ ሌሊቱን ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ማያያዙ ከግጥሙ መንፈስ አይወጣም፤ ግን «ልክ ይገባል» ከሚለው ጋር የሚስማማው መነሳት ነው። ይህንን ነግረው ይመልሱለት፤ ሰዋስው ለትርጓሜ ድንበር እንደሚያበጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ሞታለች የሚለውን አይቀበሉት። አንድ ቃል ብቻውን ሞትን ያህል ነገር አይሸከምም፤ ቢያንስ ሌላ አንድ ስንኝ ሊያግዘው ይገባል። እዚህ ግን የሚቃወመው ነው ያለው፦ ላለማለፍ የሚዞርበት ደጅ የሚኖርበት ሰው ያለው ደጅ ነው፣ በሌሊት የሚደወልለት ስልክም እንዲሁ። ልጅቷን ግን «ተሳስተሻል» ብቻ አይበሏት፤ አጋዥ ስንኝ እንድትፈልግ ይመልሱላት፣ ስታጣ ራሷ ትተወዋለች።


ቅኔ ቤት፦

ነጥቡን እኔ ልሞክር፤ ከ10 ይታረም። ለስድ ንባቡ 2፤ ከግጥሙ ውጪ የተጨመረ ነገር ካለበት («ጥላው ሄደች» ዓይነት) አንዱ ይቀነሳል። ለምፀቱ 3፤ የተባለውንና የሚያፈርሰውን ስንኝ አጣምሮ ላቀረበው ለእያንዳንዱ ጥንድ 1፣ ሦስት ጥንድ ይበቃል። ለተለዋጩ 2፤ ሦስተኛው ሰንጠረዥ ባዶ ከሆነ ምንም የለም። ያውቃል ወይስ አያውቅም ለሚለው 2፣ ለመጨረሻው ስንኝ ሁለት ንባብ 1። «ምፀት ነው»፣ «ሰውኛ ነው» ብሎ ስም ብቻ ለጻፈ ዜሮ ይሁን፤ አንድ ነጥብ እንኳን ከተሰጠው በሚቀጥለው ፈተና ስም ለቅሞ ይመጣል።

በቃል የሚደረገውን የመጨረሻ ስንኝ ንባብ በጽሑፍ ፈተና ላይ ለመጠየቅ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ እንዲያኖሩ ማዘዝ ይቻላል፤ «አለሽ» ሁለት ጊዜ ይጻፍላቸው፣ አንዱ ላይ «ለ» ነጥብ ይኑረው፣ አንዱ ላይ አይኑረው፣ ከሥሩ ትርጉሙን ይጻፉ።


ላልቶ ጠብቆ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወረቀቱ ሲተየብ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ምንም ሥርዓተ ነጥብ እንዳይገባ ለሚተይበው ሰው አስቀድመው ይንገሩት። ብዙ ተያቢ በልማድ «ረሳሁሽ» የሚለውን ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባዋል፤ ያኔ የላላው ንባብ ብቻ ይቀራል። ከ«አለሽ» በኋላ ነጠላ ሰረዝ ቢያስገባ ደግሞ የጠበቀው ብቻ ይቀራል። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ካለም የጥያቄው ንባብ ይዘጋል። ከህትመት በፊት የማረሚያውን ቅጂ ራስዎ ይዩት፤ 10ኛው ስንኝ ከ9ኛው ጋር አንድ ገጽ ላይ መዋሉንም ያረጋግጡ።